ሦስት ሺህ እሺ

ስንዱን አስራ አንድ መካሪ አልቀበልም ብሏታል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ጎበዝ ናት።

የመጀመሪያው፣ የመብራት መስመር ሰው፣ ውጤቷን አየና ወረቀቱን በሁለት ጣቱ መለሰላት። «የኔ እህት፣ አንቺን ከወሰድኩ እኮ ዓመት አልቆይም።» ሁለተኛዋ የጥርስ ሐኪም ነበረች። እሷ ወረቀቱን አልነካችውም፤ ስንዱን ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ይቺ ትጠይቃለች» አለች ለጸሐፊው። «የማትጠይቅ የላችሁም?»

ደሴ ውስጥ እንዲህ ነው። መካሪ ያላገኘ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው ጠቅላላ ይገባል። ጠቅላላ ማለት ጦሳ ተራራ ላይ ድንጋይ መደርደር ነው፤ ጠዋት መኪና ይወስዳል፣ ማታ ይመልሳል፣ እስከ ዕድሜ ልክ። መካሪ ያገኘ ደግሞ አንገትጌው ላይ ቁልፍ ይሰፋለታል፣ ለመካሪውም እንዲሁ፤ ቁልፉ የሚሰማውንና የሚነገረውን ሁሉ ይቀዳል። ከመካሪው ስር ስር እየሄደ መካሪው የሚያውቀውን ሁሉ ይረከባል። መካሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ የመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይታያል። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን መካሪው ተራገፈ ይባላል። የተራገፈ ሰው ቆላ ይወርዳል፣ ማረፊያ የሚባለው ቦታ። ከማረፊያ የተመለሰ ሰው እስካሁን የለም።

ስልሳ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ያልተራገፈ ግን ቤቱ ይቀራል። ቤቱ፣ አልጋው፣ የውሃ ድርሻው በእጁ። ስለዚህ መካሪዎቹ ሁሉ የሚፈልጉት ደደብ ነው።

ይሄን ወላጆችም ያውቃሉ። ፒያሳ ልጅ እንዲፈዝ የሚያስጠና ሰው አለ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። አፍ ከፈት ይደረጋል፣ ከመመለስ በፊት በሆድ እስከ አምስት ይቆጠራል። የስንዱ እናት እዛ ልካት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አስጠኚው መለሳት። «ይቺ ስትፈዝም ያስታውቅባታል» አለ።

አስራ ሁለተኛው መካሪ ጋሽ ይማም ነበሩ።

ጋሽ ይማም የቧንቧ አዳማጭ ናቸው፣ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው። ውሃ በስድስት ቀን አንዴ ነው የሚለቀቀው፤ በተለቀቀ ቁጥር የድሮው ቧንቧ የሆነ ቦታ ይፈነዳል። ሳይፈነዳ የት እንደሆነ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። መሣሪያ ተሞክሮ ነበር። መሣሪያው የመኪናውንም፣ የወፍጮውንም፣ የዝናቡንም ድምፅ ፍሳሽ ነው እያለ ከተማውን አስቆፈረ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ይማምን ከነብረት ዘንጋቸው ተዉአቸው።

ትውውቁ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ለስንዱ ሃያ አምስተኛ ልደት አርባ ቀን ቀርቷል። አስራ አንድ ጊዜ ተመልሳ አፏ ደርቋል። ጋሽ ይማም ፊቷ ቆሙ።

«ስምሽ ማነው?»

«እሺ» አለች። ከዚያ ደነገጠች። «ስንዱ።»

«ከየት ሰፈር ነሽ?»

«እሺ። ከሸዋበር።»

«መሬት ላይ ተኝቶ መስማት አይከብድሽም?»

«እሺ።»

ጋሽ ይማም ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። «ይቺን ስጡኝ። ይቺ አምስት ዓመት ታቆየኛለች።»

ሥራው ይሄ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት መጋዘን መግባት። የዕለቱ ፈረቃ የትኛው ሰፈር እንደሆነ ከግድግዳው ማየት። ውሃው ሲለቀቅ መስመሩን በእግር መከተል። በየሃያ እርምጃው ዘንጉን መሬት ላይ ማቆም፣ ጆሮን ጫፉ ላይ ማድረግ።

አዳማጭ ሲያልፍ ሰፈሩ ዝም ይላል፤ ግዴታ ነው። ጀሪካን የያዘ ጀሪካኑን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። የሚያለቅስ ልጅ ያላት ወደ ውስጥ ትገባለች። ወፍጮ ይቆማል። ለቅሶ ቤት እንኳን ቢሆን አልቃሾቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ፤ አዳማጩ ሲርቅ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰዉ ለምዶታል።

«ስሚ» ይሏታል። ትሰማለች።

«ይሄ ማፏጨት ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ይቆያል፣ ተይው።»

«እሺ።»

«ይሄ ደግሞ ማጉረምረም። አየር ነው። አየር አያስፈራም።»

«እሺ።»

«አሁን ልብ በይ። ቧንቧ ጸጥ ሲልና ዝም ሲል አንድ አይደለም። ጸጥ ያለው ባዶ ነው። ዝም ያለው ግን ውሃ አለው፣ ግፊት አለው፣ የሚናገረውን ይዞ ነው። እሱን ፍሪ። ቤት የሚያፈርሰው እሱ ነው።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ምንም አልገባትም። ሁለቱም ለሷ አንድ ናቸው፤ ጆሮ ላይ የሚቀዘቅዝ ብረት። ግን አንድ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያስረዳ ምን ይባላል? አልገባኝም ማለት በደንብ አላስረዱኝም ማለት ነው። ነገ ይገባኛል አለች በሆዷ። በማግስቱም እሺ አለች።

ጋሽ ይማም ተመቻቸው። «ስንዱ ያለሽ ማነው?» ይሏታል።

«አባቴ።»

«ቸኩሏል።»

ትስቃለች። ቆሏቸውን ያካፍሏታል። የጓሯቸውን የኮክ ዛፍ ያወሩላታል፤ ስልሳ ስድስት ሲሞላቸው ከስሩ ወንበር አውጥተው ሊቀመጡ ነው፣ ምንም ሳይሰሙ። እና ያስተምሯታል። ከሌላ ተማሪ ጋር ቢሆን ይቆጥቡ ነበር፤ ሁሉም መካሪ ይቆጥባል፣ በወር አንድ ነገር፣ እሱንም ግማሹን። ስንዱ ፊት ግን ምን ያስቆጥባል? ደደብ ናት። አፋቸው እንዳመጣ ሁሉንም ተናገሩ። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሥራቸውን እንደ ወግ አወሩላት። በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ እሷ እሺ ትላለች።

ግድግዳውን አያዩትም ነበር። «በዓመት ሃያ ቢወርድ ነው» ይሉ ነበር።

በሰባተኛው ወር የመጋዘኑ ዘበኛ ቆብ አወለቀላቸው። «ጋሽ ይማም፣ ሻንጣ ተዘጋጀ እንዴ?»

ዞረው አዩ። ቀሪ 3 ይላል።

ዘንጋቸውን ግድግዳ አስደግፈው ስንዱን ወደ ጥግ ወሰዷት።

«እስቲ ንገሪኝ። ጸጥ ያለውና ዝም ያለው በምን ይለያል?»

ስንዱ መሬት መሬት አየች።

«ነግሬሻለሁ።»

«ነግረውኛል።»

«ምን አልሽ ያኔ?»

«እሺ አልኩ።»

«ገብቶሽ ነው?»

«አይ።»

«ታዲያ እሺ ምንድነው?»

«ጋሼ፣ ምን ልበል? እርስዎ እየተናገሩ ዝም ልበል?»

ጋሽ ይማም አንገትጌዋ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት። እሷም የሳቸውን አየች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው። እዚህ አገር እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው። ይሁን ማለት ነው። እንዳይቀየሙኝ ማለት ነው። አንዳንዴም አላደርገውም ማለት ነው። ለቁልፉ የተነገረው ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው፤ ተረከብኩ።

«በቃ ከዛሬ ጀምሮ እሺ እንዳትይ» አሏት።

«እሺ» አለች።

ግድግዳው 2 አለ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይማም መናገር አቆሙ። ለሁለት ሳምንት በምልክት ሠሩ። አንድ ቀን ግን ዘንጉን አጋድማ ስትይዝ አዩና አፋቸው አመለጣቸው። «ቀጥ ይበል፣ እንዲህ አይያዝም።» የሷም እሺ አመለጣት። ሌላ ቀን ደግሞ ከመኪና ልትገጭ ስትል ጮኹባት፤ እሺ አለች፤ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ።

የማረፊያው አውቶቡስ ሐሙስ መጣ። አንድ ሻንጣ ነው የሚፈቀደው። አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ዘንጉን ሰጧት፣ ወጡ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡና የኮክ ዛፉ ወዳለበት ሳይሆን ፊት ለፊት አዩ።

ስንዱ በሃያ አምስት ዓመቷ አዳማጭ ሆነች። እናቷ ለሰፈሩ ተናገረች። በሰባት ወር የተረከበ ሰው በከተማው ታሪክ የለም። የውሃ ድርሻቸው እጥፍ ሆነ። ስንዱ ዘንጉን ይዛ ስትወጣ ጎረቤት ሁሉ ጀሪካኑን አስቀምጦ ዝም ይልላታል።

በሦስተኛው ሳምንት ፈረቃው ሆጤ ነበር። ከአንድ የጭቃ ቤት ፊት ዘንጉን አቆመች። ምንም አይሰማም። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማለች፤ ልጇን ታቅፋ፣ አፉን በመዳፏ ይዛለት፣ ስንዱ በደንብ እንድትሰማ። ስንዱ ተነሳችና ባዶ ብላ መዘገበች። ራሷን ነቅንቃ አመሰገነቻት። ሴትየዋም ፈገግ አለችላት።

አርባ እርምጃ ሳትርቅ ፈነዳ። ግድግዳው ወደቀ። ልጁን አወጡት። ሴትየዋን ሲያወጧት ሞታ ነበር። ስሟ ዘሀራ ነው፤ ስንዱ ይሄን ያወቀችው ከሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱ አጭር ነበር። «የአዳማጭ ስህተት፦ የለም። አዳማጯ ሙሉ በሙሉ ተረክባለች።»

ጋሽ ይማምን ልትጠይቅ አትችልም። የተራገፈን ሰው ስለ ሥራ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ባዶ ነው ተብሎ ተፈርሞበታል። አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ርክክቡን መቃወም። ወደ ምዝገባ ቢሮ ሄደች።

ጸሐፊዋ ፈቲያ ትባላለች፤ አርባ የሚሆናት፣ ሻይዋን ሳትጨርስ የምትረሳ ሴት። ስንዱ ሁሉንም ነገረቻት። ፈቲያ እስከ መጨረሻው ሰማችና ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አይደለም።

«እኔ ራሴ በቀን መቶ እሺ እላለሁ» አለች። «ግማሹ ለባሌ ነው።»

«ታዲያ ለምን አታስተካክሉትም?»

«ለበላይ ጽፈናል እኮ።»

«ምን አሏችሁ?»

«እሺ አሉን።»

ከዚያ ፈቲያ ወረቀት አወጣች። «እህቴ፣ አውቀሽ ግቢበት። ካሸነፍሽ እሳቸው ይመለሳሉ፣ ቤታቸውም ይመለስላቸዋል። አንቺ ግን ጠቅላላ ትገቢያለሽ። መካሪ በዕድሜ አንዴ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስንቱን እሺ ነው የምትቃወሚው?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም አይባልም። አንድ በአንድ ነው። ሦስት ሺህ አንድ መቶ አስራ ስምንት አለ። እያንዳንዱን ሰምተሽ ገብቶኝ ነበር፣ አልገባኝም ነበር ትያለሽ። ከዚያ ፈተና አለ። ሦስት ድምፅ። ከሳትሽ ያልሽው እውነት ነው።»

ጠባብ ክፍል ሰጧት። ወንበር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሁለት የሚጫን ቁልፍ። ፈረቃ በሌላት ቀን ሁሉ እየመጣች ለዘጠኝ ቀን ተቀመጠች።

ጋሽ ይማም ጆሮዋ ውስጥ ገቡ። ድምፃቸው፣ ሳላቸው፣ ከኋላ ደግሞ ቧንቧው። «ይሄ ማፏጨት ነው።» እሺ። አልገባኝም ነበር፣ ተጫነች። «ይሄ ማጉረምረም።» እሺ። ተጫነች። አንዳንዱ ላይ መልሳ ሰማች፤ ለአቤቱታው እንዲጠራላት ብላ ነው። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ አስደገመቻቸው። እዚህ አያፍሩም። እሷም አታፍርም። አልገባኝም ለማለት ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ የማንም ፊት አይጠቁርም። እንዲህ አድርጋ በሕይወቷ ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ምናምነኛው ላይ፣ ጋሽ ይማም ከመናገራቸው በፊት ሰማችው። ቧንቧው ዝም አለ። ጸጥ አላለም። ከስር የሆነ ነገር አለ፤ ጥፍር ላስቲክ ላይ ሲሄድ ዓይነት፣ ከዚያም ያነሰ። «እሱን ፍሪ» አሉ ጋሽ ይማም። ስንዱ ማዳመጫውን አወለቀች።

ሆጤ ላይ የሰማችው እሱን ነበር። ያቺ ሴት የልጇን አፍ ይዛላት።

ማዳመጫውን መልሳ አደረገች። ማቆም አትችልም፤ ካቆመች አቤቱታው ይዘጋል። የቀረውን ሁሉ ሰማች፤ ሁሉም ገባት። ሁሉም ላይ አልገባኝም ነበር ብላ ተጫነች። ውሸት አልነበረም። ያኔ አልገባትም። ቅጹ ስለ አሁን አይጠይቅም።

ፈተናው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ጋሽ ይማምን ከቆላ አምጥተዋቸዋል፤ ባለጉዳይ ስለሆኑ መገኘት አለባቸው። ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል፣ አጠገባቸው ሾፌሩ። ንጹህ ሸሚዝ ለብሰዋል። ሰውነታቸው ቀንሷል። ስንዱ ስታልፍ ብድግ ሊሉ ሞከሩ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«ስራሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» ብላ ገባች።

ፈቲያ የመጀመሪያውን ድምፅ ከፈተች። ማፏጨት ነው፣ ልጅም ያውቀዋል። ስንዱ በሆዷ እስከ አምስት ቆጠረች። «አየር» አለች። ፈቲያ መዘገበች። ሁለተኛው አየር ነበር። «ባዶ ነው» አለች። ፈቲያ መዘገበች፤ ቀና ብላም በዓይኗ በርቺ አለቻት።

ሦስተኛው ተከፈተ።

ዝም ያለ ቧንቧ ነው። ስንዱ ወዲያው አወቀችው። አላውቅም ልትል አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ነው የቀራት። ጋሽ ይማም ዛሬውኑ ቤታቸው ይገባሉ።

ከቧንቧው ራቅ ብሎ፣ በአፈሩ ውስጥ አልፎ፣ ልጆች ይሰማሉ። ብዙ ልጆች ባንድ ላይ ይቆጥራሉ። ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት። ከዚያ ደወል ተደወለ። ስንዱ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል። የሸዋበር ትምህርት ቤት ደወል ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ስምንት ዓመት ተምራበታለች። ዛሬ ውሃ የተለቀቀውም ሸዋበር ነው።

«ይሄ ድምፅ የመቼ ነው?»

«ፈተና ነው» አለች ፈቲያ።

«የመቼ ነው? የአሁን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ከመስመር ነው የሚመጣልን። መልሱን ብቻ በይ፤ ከሌላ ነገር አትግቢ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «አላውቅም በይና ጨርሺ።»

ልጆቹ ሃያ ስምንት ደርሰዋል።

«ዝጉት» አለች ስንዱ። «ሸዋበር። ከታችኛው ቫልቭ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ስልሳ ሜትር። ልጆቹንም አስወጡ። ዝም ብሏል፣ ሊፈነዳ ነው። ደውይ፣ ፈቲያ፣ ምን ታዪኛለሽ?»

ፈቲያ ደወለች። ቫልቩ ተዘጋ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ ማንም አልተጫነውም። «እጅግ ከባዱ ድምፅ በትክክል ተለይቷል። የቀደሙት ስህተቶች ሆን ተብለው የተፈጸሙ ናቸው። ቀሪ፦ 0። አቤቱታው ተዘግቷል።»

ፈቲያ ስክሪኑን በእጇ ሸፈነችው፤ ለምን እንደሸፈነችው ራሷም አታውቅም።

ስንዱ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ጋሽ ይማም ፊቷን አዩ።

«ሁለቱን ስተሻል አሉኝ» አሉ።

«አዎ።»

«አውቀሽ?»

«አውቄ።»

«ደግ። ሦስተኛውስ ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

«ጸጥ አይደለም?»

«አይደለም። ትምህርት ቤቱ ስር ነው፣ ጋሼ። ልጆች ነበሩ።»

ጋሽ ይማም ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። ፊታቸው በራ፤ አምስት ዓመት ታቆየኛለች ካሉበት ቀን በኋላ እንዲህ አላየቻቸውም። «ሰማሽው። ብቻሽን ሰማሽው።» ትንሽ ቆይቶ ብርሃኑ ጠፋ። የሰማችው ምን ማለት እንደሆነ ደረሰባቸው። አንገታቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ስንት ልጅ ነው እዛ ያለው?»

«መቶ ሰማንያ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ይቅርታ አለው።» ሻንጣቸውን አነሱ። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። ጋሽ ይማም ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ። «ስንት ሜትር አልሽ?»

«ስልሳ።»

«እዛ ጋ ቧንቧው ይታጠፋል። ድንጋይ አላስኬድ ብሎን ነው፣ ገና ስቀጠር። ድምፁ እጥፋቱን ዞሮ ነው የሚመጣው። ሃምሳ ሁለት ላይ አስቆፍሪ።»

«እንሂድ አባባ» አለ ሾፌሩ።

ስንዱ ሸዋበር ስትደርስ ቆፋሪዎቹ ስልሳ ሜትሩ ላይ ምልክት አድርገው ይጠብቃሉ። ልጆቹ ማዶ ተሰልፈዋል። ምልክቱን በእግሯ አጠፋችና ስምንት ሜትር መልሳ አቆመቻቸው። አንድ ሜትር ተኩል ሲቆፍሩ እጥፋቱ ወጣ። ስንጥቁ ክንድ ያህላል፣ እጥፋቱ ላይ፣ ልክ ሃምሳ ሁለት።

ቅጹን ቆማ ሞላች። ቦታው በማን ተለየ ይላል። ይማም ብላ ጻፈች። ቅጹ አልተቀበለም፤ የተራገፈ ሰው ስም አይቀበልም። ደግማ ጻፈች። አልተቀበለም። ቆፋሪዎቹ ቅጹ ካልተሞላ መድፈን አይችሉም፤ ሰፈሩም ውሃውን እየጠበቀ ነው።

የራሷን ስም ጻፈች።